አንድ ሕዝብ ዓለምን ማየት የሚማረው የት ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ፊደል ልጀምር።

በ1858 እንግሊዝና ቻይና ቲያንጂን በተባለች ከተማ ውል ተፈራረሙ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር፤ ውሉም የአሸናፊ ውል ነው። ስለ ወደብ ያወራል፣ ስለ ንግድ ያወራል፣ ስለ አምባሳደር ያወራል። አንቀጽ 51 ላይ ስትደርሱ ግን ድንገት ስለ አንድ የቻይና ፊደል ማውራት ይጀምራል። ፊደሉ ‹ዪ› ተብሎ ይነበባል። የቻይና ባለሥልጣናት ከዚያ በኋላ በሚጽፉት ኦፊሴላዊ ደብዳቤ ውስጥ እንግሊዞችን በዚህ ፊደል እንዳይጠሩ አንቀጹ ይከለክላል። እንግሊዞቹ ትርጉሙ ‹አረመኔ› ነው ባይ ነበሩ። ከቻይና ሹማምንት በኩል ደግሞ ‹ከውጭ የመጣ ሰው ማለት ነው እንጂ ስድብ አይደለም› ያሉ ነበሩ። የታሪክ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። መድፍ የጫነ መርከብ ይዞ የመጣ መንግሥት አንዲት ፊደል ምን ታደርገዋለች? ወደቡን ወስዷል። ንግዱን ወስዷል። ምን ቀረው?

የቀረው በሌላው ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው ቦታ ነበር። በመድፍ የማይደረስበት ቦታ ማለት ነው። ውል ላይ በመጻፍ ሊለውጡት ሞከሩ። ፊደሏ ከደብዳቤ ላይ ጠፋች። በውስጧ የነበረው አመለካከት ግን በአንቀጽ አይሻርም።

አንድ ሕዝብ ስለ ቀረው ዓለም ያለው አመለካከት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ አይወለድም። ሚኒስትሩም ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት ልጅ ነበር። ‹የኛ ሰው› እና ‹የሰው አገር ሰው› የሚሉትን ቃላት ከቤቱ ሰምቷቸዋል፤ ቃላቱ ሲነገሩ የእናቱ ፊት እንዴት እንደሚሆን ጭምር አይቷል። የክፍሉ ግድግዳ ላይ ካርታ ተሰቅሎለታል። አገሩን ማን እንደበደላት፣ እሷስ ማንን እንዳሸነፈች ተነግሮታል። ኋላ ላይ ‹ብሔራዊ ጥቅም› የሚል ፋይል ሲከፍት፣ ፋይሉን የሚያነበው በእነዚያ ዓይኖች ነው።

ይህንን ነው እንግዲህ ባህላዊ ሥር የምንለው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ ባህል ስናወራ እንደ ደምና እንደ አጥንት የማይለወጥ ነገር አድርገን እናወራለን። ‹እነሱ እኮ ድሮም እንዲህ ናቸው› እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። የዛሬው ንግግሬም ከዚህ አለመስማማት የመጣ ነው።

ከቃላት እንቀጥል። ለጥንት ግሪኮች ቋንቋቸውን የማይችል ሰው ሲናገር ጆሯቸው የሚይዘው ‹ባር ባር› የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ‹ባርባሮስ› አሉት። ሩሲያኛ ጀርመናዊውን ‹ኔሜትስ› ይለዋል፤ የቃሉ ሥር ‹ዲዳ› ማለት ነው። ጎረቤትህ ሲናገር አትሰማውም፣ ስለዚህ አይናገርም ማለት ነው! ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ‹ዌልስ› የሚለው ስም ነው። ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ባዕድ ማለት ነው። ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች ቀድሟቸው በምድሩ ላይ የኖረውን ሕዝብ በገዛ አገሩ ‹ባዕድ› አሉት። ዌልሾች ራሳቸውን የሚጠሩት ግን ‹ከምሪ› ብለው ነው። የአገሬ ልጆች እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆመን ‹በቃ፣ የሰው ልጅ ባዕድን ይንቃል› ብንል ግማሹን ብቻ ነው ያየነው። እነዚያው ግሪኮች ‹ክሴኖስ› የሚል ሌላ ቃል ነበራቸው። ቃሉ ባዕድ ማለትም ነው፣ በር አንኳኩቶ የሚገባ እንግዳ ማለትም ነው። ታላቁ አምላካቸው ዜውስ ራሱ ‹የእንግዶች ጠባቂ› የሚል ስም ነበረው። ወደ ላቲን ስትመጡ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይደንቃል። ‹ሆስቲስ› መጀመሪያ ባዕድ ማለት ነበር፤ እየቆየ ጠላት ሆነ። ከዚያው ሥር የወጣው ‹ሆስፔስ› ግን እንግዳም፣ እንግዳ ተቀባይም ማለት ሆነ። የኛም ቋንቋ ይህን ያውቀዋል። ‹እንግዳ መጣብኝ› ስንልና ‹እንግዳ ነገር ገጠመኝ› ስንል ቃሉ አንድ ነው። ፊታችን ግን አንድ አይደለም።

ልብ በሉ፤ ከነዚህ ሕዝቦች አንዱም ለውጭ ሰው አንድ ቃል ብቻ ወይም አንድ ስሜት ብቻ አልነበረውም። ‹የእነሱ ባህል እንዲህ ነው› ስንባል ሁልጊዜ መጠየቅ ያለብን የትኛው ነው ብለን ነው። ባርባሮስ ወይስ ክሴኖስ?

አሁን ደግሞ ወደ ካርታው። ልጅ ሳለሁ የክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዓለም ካርታ ጥግ ጥጉ ተቀዶ በፕላስተር የተጣበቀ ነበር። ሰሜን ወደ ላይ ነው። ለምን ወደ ላይ እንደሆነ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሰማይ ላይ እንዳለ ሕግ ነበር የሚመስለን። ብዙ ዓመት ቆይቶ አል-ኢድሪሲ የሚባለው የጂኦግራፊ ሊቅ በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር ያዘጋጀውን ካርታ አየሁ። ደቡብ ነው ላይ ያለው። አፍሪካ ከላይ፣ አውሮፓ ከታች ናት። መጀመሪያ ገልብጠው ያተሙት መስሎኝ ነበር።

በ1300 ገደማ የተሠራውና እንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ካቴድራል ያለው ካርታ ደግሞ ምሥራቅን ወደ ላይ አድርጎ ኢየሩሳሌምን መሀል ላይ ያስቀምጣታል። ካርታውን የሣሉት ሰዎች መንገድ ሊያሳዩ አልነበረም ሐሳባቸው፤ ዓለም ስለ ምን እንደተፈጠረች ሊያሳዩ ነበር።

በ1402 ኮሪያ ውስጥ የተዘጋጀውን ካንግኒዶ የሚባለውን ካርታ ማንም ሰው አንድ ጊዜ ቢያየው ደስ ይለኛል። መሀሉን ቻይና ሞልታዋለች። ኮሪያ ራሷ ከልኳ እጅግ ተልቃለች። ጃፓን ትንሽ ሆና ወደ ታች ተገፍታለች። አፍሪካና ዐረቢያ በምዕራብ ጠርዝ በኩል ቀጥነው ተንጠልጥለዋል። የኮሪያን የያኔ የፖለቲካ ስሜት በቃላት ከምነግራችሁ ይህ ካርታ ይነግራችኋል፤ ታላቁን ጎረቤት ማክበር፣ የራስን ቦታ ማጉላት፣ ሌላውን ጎረቤት ማሳነስ። ይህም ሆኖ አፍሪካ አለች። ቅርጿም፣ ወደ ደቡብ የሚሾለው ጫፏም ይታወቃል። ይህ ከአውሮፓውያን መርከቦች ወደ ኮሪያ መምጣት በፊት ነው። በዓለም ጥግ አለ የሚባል ሕዝብ ስለ ሩቁ ዓለም ወሬ ይሰማ ነበር።

ማቴዎ ሪቺ የሚባለው ጣሊያናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ በ1602 ቤጂንግ ላይ ከቻይናውያን ሊቃውንት ጋር ሆኖ ትልቅ የዓለም ካርታ አሳተመ። አውሮፓውያን ካርታዎች ቻይናን ጠርዝ ላይ ያስቀምጧት ነበር። አገራቸው የመሀል አገር መሆኗን ከስሟ ጀምሮ ለሚያውቁ አንባቢዎች ይህ የሚዋጥ አልነበረም። ሪቺ ቻይናን ወደ መሀል አመጣት። አልዋሸም። ምድር ክብ ናትና መሀሉን የትም ማድረግ ይቻላል። ያን ካደረገ በኋላ ግን በዚያው ወረቀት ላይ አሜሪካን ሣለ። ዛሬ ከቀሩት የቻይና ካርታዎች አሜሪካን የሚያሳየው ቀዳሚው ይህ ነው። መሀል መሆን የፈለገውን ሰው መሀል አስቀምጦ የማያውቀውን ግማሽ ዓለም አሳየው። እኔ ይህን ከብልጠት በላይ አከብረዋለሁ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ‹ባህል ምናምን ተወው፣ ሁሉም የጂኦግራፊ ጉዳይ ነው› ይለኛል። ደሴት ከሆንክ እንዲህ ታስባለህ፣ ተራራ ላይ ከኖርክ እንዲያ ታስባለህ ይባላል። ቀላልና ደስ የሚል አስተያየት ነው። ግን አይሠራም። ብሪታንያና ጃፓን ሁለቱም ከትልቅ አህጉር ዳር የተቀመጡ ደሴቶች ናቸው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንዷ መርከቦቿን ወደ ዓለም ሁሉ ስትልክ ሌላዋ ዜጎቿ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ፣ የሄዱትም እንዳይመለሱ በሕግ ከለከለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የቻይናው ዤንግ ሄ ከ1405 እስከ 1433 በነበሩት ጊዜያት ሰባት ታላላቅ የባሕር ጉዞዎች አድርጓል፤ መርከቦቹም እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደርሰዋል። ከዚያ ጉዞው ቆመ። ባሕሩ የትም አልሄደም። የተለወጡት የቤተ መንግሥቱ ሰዎችና ‹ለኛ ምን ይበጀናል?› ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ነው።

ጂኦግራፊ ጥያቄውን ይጠይቃል። መልሱን የሚሰጡት ሰዎች ናቸው።

ስለ ጃፓን ካነሳሁ አይቀር አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ። ናጋሳኪ ወደብ ላይ ደጂማ የምትባል በሰው እጅ የተሠራች ደሴት ነበረች። የተዘረጋ ማራገቢያ ትመስላለች። ርዝመቷ 120 ሜትር፣ ስፋቷ 75 ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው ጋር የምትገናኘው በአንዲት ድልድይ ነው፤ ድልድዩም ላይ ጠባቂ አለ። ከ1641 ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ፣ ጃፓን ውስጥ እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው አውሮፓውያን ደቾች፣ የኔዘርላንድ ሰዎች ማለት ነው፣ ብቻ ነበሩ። እነሱም የሚኖሩት እዚያች ላይ ነበር። ያለ ፈቃድ ድልድዩን አይሻገሩም።

ደቾቹ በየጊዜው ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው፣ እየሄዱ ለሾጉኑ፣ አገሩን ለሚገዛው የጦር አለቃ፣ እጅ መንሻ ማቅረብ ነበረባቸው። በ1691 ከሄዱት መካከል ኤንግልበርት ኬምፕፈር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። ያየውን ጽፎታል። ሾጉኑ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጧል። የቤተ መንግሥቱ እመቤቶችም እንደዚሁ ተጋርደው ያያሉ። ሥነ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ እንግዶቹን ተነሡ፣ ካባችሁን አውልቁ፣ ተራመዱ አሏቸው። ዝፈኑ፣ ጨፍሩ፣ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ ተባሉ። ኬምፕፈር ዘፈነ፣ ጨፈረም። አንድ የተማረ ሐኪም ግማሽ ዓለም አቋርጦ መጥቶ የሚታየው እንደ ትርዒት ነው።

ይህን ምስል ያዙልኝ። ወደ ጃፓን እመለሳለሁ።

አሁን ስለ ቁስል ትንሽ ልበል። ፖላንድን ጎረቤቶቿ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሦስት ጊዜ ተቀራመቷት። ከመጨረሻው ቅርጫ በኋላ ፖላንድ የሚባል አገር ከካርታው ጠፋ። እስከ 1918 ድረስ 123 ዓመት። በዚያ ሁሉ ዘመን ቋንቋው በቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በግጥም ቆየ። እንግዲህ አያቱ ‹ጎረቤቶች ሲስማሙ እኛ እንጠፋለን› ብላ ያሳደገችው ልጅ ስለ ታላላቅ መንግሥታት ስምምነት ሲሰማ ልቡ ቢመታ ማን ይፈርድበታል? ሌላው በጋዜጣ ላይ ‹መግባባት ላይ ተደረሰ› የሚል ርዕስ ያነባል። እሱ የሚያነበው ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ የሌላ ሕዝብን ፍርሃት ‹የተጋነነ› ከማለቴ በፊት ሁልጊዜ ታሪኩን እጠይቃለሁ። ይህን ከሥራዬ የተማርኩት ሳይሆን ከሰው ጋር ስኖር የተማርኩት ነው። ሰው ድንገት ሲቆጣ ንዴቱ ብዙ ጊዜ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ቢሆንም ትዝታ ራሱ ይመረጣል። እዚህ ላይ በጣም የማውቀውን ምሳሌ ላንሳ። በ1630 ጆን ዊንትሮፕ የሚባል መሪ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ለሚሰደዱ ፒዩሪታኖች ለሚባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ‹በኮረብታ ላይ እንዳለች ከተማ እንሆናለን፤ የሁሉም ዓይን በእኛ ላይ ነው› የሚል መልእክት ያለው ስብከት አዘጋጀ። ቃሉ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተወሰደ ነው። ዛሬ አሜሪካውያን ስለ ዓለም የሚያስቡት ሁሉ ከዚህ ስብከት የበቀለ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ትሰማላችሁ። ያማረ ታሪክ ነው።

ግን ስብከቱ በማተሚያ ቤት የታተመው በ1838 ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ! አገሪቱን የመሠረቱት ሰዎች የነጻነት አዋጃቸውን ሲጽፉ ይህ ስብከት በእጃቸው አልነበረም። ሐረጉ የፖለቲካ መፈክር የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጆን ኬኔዲ በጥር 1961 ጠቀሱት። ሮናልድ ሬገን ደጋግመው ጠቀሱት። ስለዚህ ‹የ1630 ሥር› የምንለው ነገር ትልቅ ክፍሉ ኋላ የተተከለ ነው።

ሌላም አለ። ያው ምስል ሁለት ተቃራኒ መንገዶች ያሳያል። በኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ቦታዋ ላይ ቆማ ብታበራ ይበቃታል፤ ሌላው ያያታል። ወይም ደግሞ ብርሃኗን ይዛ ወደ ቆላው መውረድ አለባት። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 የስንብት መልእክታቸው ከውጭ አገሮች ጋር ዘላቂ የጦር ቃል ኪዳን እንዳይገባ መክረዋል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕሬዚዳንት ዊልሰን የመንግሥታት ማኅበር እንዲቋቋም ከማንም በላይ ደከሙ፤ የገዛ አገራቸው ሴኔት ግን አልገባም አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ያቺው አገር በየአህጉሩ የጦር ሰፈር ያላት ሆነች። አንድ ሕዝብ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ምስል። ውሳኔው ግን በየዘመኑ ይለያያል።

ከዚህ ሌላ አጭር ምሳሌ። ስዊዞች በገለልተኝነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ታላላቆቹ መንግሥታት በ1815 በይፋ አውቀውላቸዋል። በ1986 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል እንሁን ወይ ተብለው በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቁ። ከአራቱ ሦስቱ ‹አይሆንም› አሉ። ያኔ ‹የስዊዝ ባሕርይ ነው፣ አይለወጥም› የተባለ ይመስለኛል። በ2002 እንደገና ተጠየቁ። 54.6 ከመቶው ‹ይሁን› አለ። አስራ ስድስት ዓመት ነው በመሀል ያለው። ተራራው ያው ነው። በመሀል ግን ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቷል።

ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870 እስከ 1945 ባሉት ዓመታት ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። ‹የዘር ጠላት› የሚባል አነጋገር ነበራቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ጠላት ማለት ነው። በ1963 የኤሊዜን ስምምነት ሲፈራረሙ አብረው የወጣቶች ቢሮ አቋቋሙ፤ ልጆች ወደ ሌላው አገር ሄደው በሌላው ቤት እንዲያድሩ። ስምምነቱ 40 ዓመት ሲሞላው ከሁለቱም አገር የተሰበሰቡ ተማሪዎች አንድ የጋራ የታሪክ መማሪያ ይጻፍልን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የመጣው ከልጆች ነው። በ2006 የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጣ። ይዘቱ አንድ ሆኖ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የተዘጋጀ ነው። አንድ የታሪክ መምህር ለሁለቱም ክፍል ያንኑ ገጽ ክፈቱ ማለት ይችላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የጦርነቱን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ከንግግሩ በኋላ ከአዳራሹ አንድ ጥያቄ ተነሳ፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ማስገባቱ ይሻላል ብዬ አስገብቼዋለሁ። ጠያቂዋ ወጣት ናት። ‹እንደሚሉት ከሆነ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ታዲያ ባህል የሚባለው ነገር ምን ሥራ ይሠራል? የሚወስኑት መሪዎች ናቸው ማለት ነው?› አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ንግግሬ ላይ በደንብ አላብራራሁትም። ባህል የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው። መሪ ሕዝቡ የማያውቀውን ቋንቋ ተናግሮ ሕዝቡን ማንቀሳቀስ አይችልም። ኬኔዲ የኮረብታዋን ከተማ የጠቀሱት ሰሚው ወንጌሉን ስለሚያውቅ ነው። በማያውቀው ሕዝብ ፊት ቢናገሩት ባዶ ቃል ነበር። ባህል እንግዲህ ምን ማለት እንደሚቻል ይወስናል፤ የትኛው ይባል የሚለውን ግን ለሰዎች ይተዋል። መሪዎች ብቻም አይደሉም የሚመርጡት። መምህር ይመርጣል። ተርጓሚ ይመርጣል። ልጁ ‹እነሱ ማን ናቸው?› ብሎ ሲጠይቃት የምትመልስ እናት ትመርጣለች። እንዲያውም ብዙ ጊዜ እነዚህ ይቀድማሉ።

ለዚህ ነው ወደ ጃፓን እመለሳለሁ ያልኩት።

ኬምፕፈር ከጨፈረ ሰማንያ ዓመት ሆነው። በመሀሉ አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። ሾጉን ዮሺሙኔ በ1720 በውጭ መጻሕፍት ላይ የነበረውን እገዳ አላልተዋል፤ ስለ ክርስትና የማይናገሩ የዕውቀት መጻሕፍት ወደ አገር መግባት ጀመሩ። ሕጉ ግን እንዳለ ነው። ድልድዩም ጠባቂውም እዚያው ናቸው።

በ1771 ሱጊታ ገንፓኩ የሚባል ሐኪም አንድ የደች የአናቶሚ፣ ስለ ሰው ገላ አሠራር የሚናገር፣ መጽሐፍ ያያል። ቋንቋውን አያውቅም። ሥዕሎቹ ግን ከተማረባቸው የጥንት የቻይና የሕክምና መጻሕፍት ጋር አይመሳሰሉም። ዋጋው ከአቅሙ በላይ ስለነበር የሚያገለግለው የመስፍን ቤት ገዛለት። በዚያው ሰሞን ኤዶ ውስጥ ኮዙካፓራ በሚባለው የመግደያ ቦታ የአንዲት ሞት የተፈረደባት ሴት አስከሬን ሊከፈት መሆኑን ሰማ። ለጓደኞቹ ላከባቸው። ማኤኖ ርዮታኩ የሚባለው ሐኪም ሲመጣ ከብብቱ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ናጋሳኪ ሄዶ የገዛው ነው። ገንፓኩም የራሱን አወጣ። መጽሐፉ አንድ ዓይነት ነበር! ሁለቱም በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ።

አስከሬኑን የከፈቱት የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሐኪሞቹ መጽሐፉን ይዘው ቆመው ያያሉ። ሳንባውን ያያሉ፣ ሥዕሉን ያያሉ። ጉበቱን ያያሉ፣ ሥዕሉን ያያሉ። የደቾቹ ሥዕል ከፊታቸው ካለው ጋር አንድ ነው። የተማሩበት መጽሐፍ የሚለው ግን ሌላ ነው። አስቡት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽተኛ ሲያክሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሊናደዱ ይችሉ ነበር። ‹የባዕድ ነገር› ብለው ሊተዉት ይችሉ ነበር። ለዚያ የሚሆን ቃልም፣ ሕግም፣ ልማድም ሞልቶላቸዋል። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያወሩት ግን ስለ እፍረታቸው ነበር፤ የሰውን ገላ ሳናውቅ ሐኪም ተብለን ኖርን አሉ። መጽሐፉን ለመተርጎም እዚያው መንገድ ላይ ተስማሙ። በማግስቱ ርዮታኩ ቤት ተሰብስበው ጀመሩ።

እንዴት እንደጀመሩ ገንፓኩ በ1815፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ ጽፎታል። መዝገበ ቃላት የለም። ርዮታኩ ጥቂት መቶ የደች ቃላት ያውቃል። ገንፓኩ ፊደሉን እንኳ ገና አልለየም። መቅዘፊያና መሪ በሌለው መርከብ ባሕር ላይ እንደወጣን ነበርን ይላል። ‹ቅንድብ ከዓይን በላይ ያለ ጸጉር ነው› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ረጅሙን የፀደይ ቀን ሙሉ ፈጀባቸው፤ ሲመሽ ገና አልገባቸውም ነበር።

አንድ ቀን ስለ አፍንጫ የሚለው ቦታ ላይ ደረሱ። አፍንጫ ‹ፈርሄፈንደ› የሆነ ነገር ነው ይላል። ቃሉን አያውቁትም። ርዮታኩ ከናጋሳኪ ያመጣት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ነበረች፤ ገለጧት። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ቦታው ‹ፈርሄፈንደ› ይሆናል ይላል። ግቢ ሲጠረግ አቧራው ተሰብስቦ ‹ፈርሄፈንደ› ይሆናል ይላል። ዝም ብለው ተያዩ። ቅርንጫፍና አቧራ ከአፍንጫ ጋር ምን አገናኛቸው? ከዚያ ገንፓኩ አሰበ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲድን ጠባሳው ያብጣል። የተጠረገ አቧራ ሲሰበሰብ ይቆለላል። አፍንጫም ከፊት መሀል ከፍ ብሎ የቆመ ነው።

ሁሉም ተስማሙ። የዚያን ቀን የተሰማው ደስታ ውድ ዕንቁ ያገኘ ሰው ደስታ እንደነበር ሽማግሌው ጽፏል። ቃሏን ‹የተቆለለ› ብለው ተረጎሟትና ወደሚቀጥለው መስመር አለፉ። መጽሐፉ በ1774 ታተመ።